ባንዲራው እኩሌታ ላይ የቀረ ዕለት

«የዘንድሮ ድንች ቆዳው ስስ ነው፣ ቶቬዬ። እንደኛው። በጥፍር ቢነኩት ይላጣል... ቢላውን ተይው፣ እንዲህ በአውራ ጣትሽ ግፊው። ዝናቡስ አባራ መሰለኝ? ነገ ብራ ነው የሚሆነው። ለልደትሽ ደስ የሚል ቀን ነው።»

ቦዲል ይህን ያለችው በስቬንቦርግ ከተማ የጡረተኞች መንደር፣ በጋራው ወጥ ቤት ተቀምጣ፣ ለእሑድ እራት የሚሆነውን ድንች እየላጠች ነው። ከቦዲል አፍ ክፉ ቃል አይወጣም። ይህን መንደሩ ሁሉ ይመሰክራል፤ አንዳንዱ እንዲያውም እንባ እየተናነቀው ነው የሚመሰክረው። ከጠረጴዛው ማዶ ቶቬ ተቀምጣለች፤ ነገ ሰማንያ ዓመት ይሞላታል። በመስኮቱ በኩል ደግሞ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ የሚመጣውን ሳምንት ፕሮግራም በማስመሪያ እያሰመረ ይጽፋል። አንገቱ ላይ ፊሽካ ተንጠልጥሏል፤ ከፊሽካው ጎን በቀይ ጥብጣብ የታሰረ ቁልፍ አለ። የሰውየውን ስም ቦዲል አልጠራችም። እሷ ያልጠራችውን እኛ ብንጠራው ሐሜት ይሆንብናል።

ቁልፉ የባንዲራው ሣጥን ቁልፍ ነው፤ የመንደሩን ባንዲራ የሚሰቅለው እሱን የያዘው ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቦዲል አንገት ላይ ኖሮ፣ አምና ነው ወደዚህኛው አንገት የተዛወረው። ዛሬ ከምሳ በኋላ ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተሰብስቦ ቁልፉ ለየትኛው አንገት እንደሚገባ ይወስናል። አንዱ አባል ለቦዲል ብሏል፣ አንዱ ለሰውየው። ሦስተኛዋ ቶቬ ናት፤ አልቆረጠችም። ይህ ሁሉ ግን ከድንቹ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

«እኔ እምልሽ፣ በዚህ ዕድሜ እንዲህ የሚንቀሳቀስ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ስም አልጠራም፣ ስም ምን ያደርጋል። ሰኞ ጠዋት የውሃ ውስጥ ስፖርት፣ ገና ሳይደርቁ በሁለት ዱላ የእግር ጉዞ። ማክሰኞ መዘምራን። ሐሙስ የብረት ኳስ ውርወራ። ዓርብ ጭፈራ... አንቺንም ሁለት ጊዜ አስነስተውሻል አሉ። እግርሽ ተሻለሽ? ቅዳሜ ደግሞ ምን ነበር የተለጠፈው? አዎ፤ "ድንገተኛ ደስታ፣ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት፣ መቅረት አይቻልም።" ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም ይባላል። እሳቸው እኮ አንዱ ዳሌያቸው ብረት ነው፤ ይባረኩና ሰባት ዛፍ ላይ ናቸው። የምንፈራው ከታች የቆምነው ነን እንጂ እሳቸውማ ምን ገዷቸው... የሚያርፉት እኛ ላይ ነው።»

ሦስት ድንች ላጠች። ውሃው ውስጥ በቀስታ አስገባቻቸው፤ ቦዲል ድንች እንኳ አትወረውርም።

«ለሰው ማሰባቸውስ? ጥር ላይ ሁለት ቀን ከቤት ሳልወጣ ቀረሁ። ለምን አትይኝም? መጽሐፍ ይዤ። ገዳዩ ሊታወቅ አሥር ገጽ ሲቀረኝ በሬ ተንኳኳ። "ብቸኝነት እንዳይሰማሽ" ብለው አሥራ አንድ ሰው ይዘውልኝ መጡ። አኮርዲዮን ጭምር። እስኪመሽ ዘመሩልኝ። ብቸኝነት ምን ያህል እንደሚጣፍጥ የገባኝ ያን ቀን ነው፤ ሰው ይህን ሳያውቅ ቢሞት ምን ይባላል? ውለታቸው አለብኝ። ገዳዩን ደግሞ አኮርዲዮን ተጫዋቹ ነገረኝ፤ አንብቦት ኖሯል።»

መስኮቱ ጋ ማስመሪያው ቆመ። ቆይቶ ቀጠለ። ቶቬ የተላጠ ድንች አንስታ እንደገና መላጥ ጀመረች።

«ግጥማቸውን ደግሞ ተይው። ልደት ያለ አዲስ ግጥም ልደት ነው እንዴ? ዜማው የታወቀ ይሁን፣ ቃሉ ግን ለባለልደቱ የተጻፈ ነው፤ አባቶቻችን ያቆዩን ይህንን ነው። እኔ በተራዬ አንድ ግጥም ለመጻፍ ሳምንት ይፈጅብኝ ነበር። ሞኝነት። እሳቸው ሩብ ሰዓት ይበቃቸዋል። ለሰማንያ ዓመቴ ጽፈው የሰጡኝን ወረቀት አስቀምጬዋለሁ። ስምንት አንጓ ነው። ሦስተኛው ላይ "ኤጎን ሆይ" ይላል። ስድስተኛው ላይ "ጺምሽ ዛሬም እንዳማረ ነው" ይላል። ለካ የጎረቤቴ የኤጎን ዘፈን ኖሯል። "አንተ"ን "አንቺ" አድርገው፣ ጺሙን መላጨት ብቻ ነው የረሱት... ማ፣ እኔ ልቀየም? መስታወት ፊት ቆሜ አየሁት። ትንሽ አለ። ሰውየው የማያዩት ነገር የለም።»

«ባንዲራውንማ ባላነሳው ይሻላል።»

አነሳችው።

«ላንቺ ምን እነግርሻለሁ፣ በነበርሽበት። ልደት ሲሆን ባንዲራው እስከ ምሰሶው ጫፍ ይወጣል፤ ሰው ሲሞት እኩሌታው ላይ ይቆማል። ይህን የሦስት ዓመት ሕፃን ያውቀዋል። የሰባ ስምንት ዓመት ሰው ግን ብዙ የሚያስበው አለው። እኔ ሰማንያ የሞላኝ ዕለት ሰኞ ነበር። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከውሃው ወደ ጉዞው ሲሮጡ፣ ከነእርጥብ የዋና ቁምጣቸው ገመዱን ሳቡት። እኩሌታው ላይ ሲደርስ ተቋጠረ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለድሮ ሰው ነው፣ ድሮ ጊዜ ነበር... አሰሩትና ሄዱ። ስመለስ አስተካክለዋለሁ ብለው ነው፣ ሐሳባቸው ቅን ነው። ባንዲራዬም ካሉት በታች፣ ከሞቱት እኩል ሆኖ ቀረ።

«እኔ አልጋዬ ውስጥ ነኝ። መጋረጃዬን ዘግቼ፣ ጸጉሬን አበጥሬ፣ የተኛሁ መስዬ፣ መስኮቴ ሥር መጥታችሁ እስክትዘፍኑልኝ እጠብቃለሁ። ልደቴ አይደል? ሁለት ሰዓት ሆነ። ሦስት ሆነ። ለካ እናንተ ሜዳው ላይ ቆማችሁ ባንዲራውን እያያችሁ የተዘጋ መጋረጃ ትቆጥራላችሁ... ስንት መጋረጃ ነበር የተዘጋው፣ ቶቬ? የኔ ብቻ። አልፈርድም። እኔም ብሆን ቦዲል ናት ነበር የምለው።

«አራት ሰዓት ላይ አንድ ሰው ነጭ አበባ በሬ ላይ አኑሮ በእግሩ ጣት ሄደ። ደስ አለኝ። ቀጥሎ ኤጎን ከራሱ ሰገነት ተንጠራርቶ የኔን ሰገነት በሜትር ለካው። ይህም ደስ አለኝ፤ ለስጦታ መሰለኝ፣ የአበባ ሣጥን ነገር። ስድስት ሰዓት ላይ ግን አላስችል አለኝና አዲሱን ሰማያዊ ቀሚሴን ለብሼ ወረድሁ። እዚሁ ክፍል ነበራችሁ። ኬኬን እየበላችሁ። በቀስታ... ሐዘን እንደሚበላው።

«እሳቸው ቆመው ይናገራሉ። እንግዲህ እኔ ይህን ሰው የማደንቀው እዚህ ላይ ነው። ከጉዟቸው ሲመለሱ ባንዲራውን እኩሌታ ላይ አዩት። ራሳቸው ያሰሩትን። ባርኔጣቸውን አወለቁና "ማን ነው የሞተብን?" አሉ። ቦዲል ናት አላችኋቸው። እንባቸው መጣ። ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ የተባለውን እንዲህ አድርጎ የፈጸመ ክርስቲያን ከየት ይመጣል? ቀኙም እኮ አላወቀም። "ምላሷ ሰው ጎድቶ አያውቅም" ሲሉ በሩን ከፈትሁት። ሁላችሁም አያችሁኝ። እሳቸውም አዩኝ። ምን አደረጉ? ቀጠሉ። ሁለት ገጽ ይቀራቸው ነበር፣ በፕሮግራሙ ላይ ሃያ ደቂቃ ተብሎ ተጽፏል፣ ምን ያድርጉ... እስኪጨርሱ ቆሜ ጠበቅሁ። አጨበጨብሁም። ስንቱ ሰው የራሱን የቀብር ምስጋና ሳይሰማ ነው የሚሄደው? ኬክም ተርፎልኝ ነበር። 80 ከሚለው ላይ ዜሮዋ።»

ቶቬ ፊቷን በሽርጧ ሸፈነች። ትስቅ ታልቅስ አልታወቀም፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል። የሰውየው ማጅራት ከቁልፉ ጥብጣብ ጋር አንድ ቀለም ሆኗል። ቦዲል ይህንን አላየችም፤ ዓይኗ ድንቹ ላይ ነበር፣ ያውም ድንቹን ይዛ ወደ መስኮቱ ዞራ።

እዚህ ላይ አንድ ያልነገረቻት ነገር አለ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚህ መንደር ማን እንደሞተ፣ ማን እንደተወለደ ከሁሉ በፊት የሚያውቀው የቦዲል መዳፍ ነበር። ጠዋት ገመዱን ስትይዝ ዛሬ እስከ የት እንደሚሄድ ታውቀዋለች። አምና ቁልፉን ያስረከበች ማግስት በዚያው ሰዓት ተነሥታ፣ ኮቷን ለብሳ፣ በሩ ድረስ ሄዳ ተመልሳለች። ለቶቬ ይህን አላወራችላትም። ያወራችላት ስለ አየሩ ነው።

«ነገስ ነፋስ የለም መሰለኝ። የልጅ ልጆችሽ ከኦርሁስ ይመጣሉ አይደል? አምስቱም? ስለ ኮሚቴ አላወራሽም፣ የኮሚቴ ወሬ ምግብ ያበላሻል... መኪናቸው ከዋናው መንገድ ሲታጠፍ ከዛፎቹ በላይ መጀመሪያ የሚታየው ባንዲራው ነው። ትንሿ፣ ሲግኔ፣ ማንበብ አልጀመረችም አይደል? ባንዲራ ግን ታነባለች። "አያቴ" ብላ ከመኪናው ትወርዳለች፤ እንዴት አድርጋ እንደምትለው እንግዲህ እንደ ገመዱ ነው። አይዞሽ፣ እስከ ጫፍ ይወጣል። ቀን የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል አላልኩም፤ እሳቸውን በቅል አልመስላቸውም፣ ቅል ረጋ ያለ ነገር ነው። ነገ ሰኞ ናት? ናት ለካ። ከውሃው እስከ ጉዞው ሰባት ደቂቃ አላቸው። ይበቃቸዋል። ባይበቃቸውም... ጥሩ ይናገራሉ። ኬኩን ብቻ ቶሎ ድረሽበት።»

ወንበር ተንሸራተተ።

ሰውየው ተነሣ። የብረት ዳሌው ቀጭ ቀጭ እያለ እስከ ጠረጴዛው መጣ። ጥብጣቡን ከአንገቱ ሊያወልቅ ሲል ከፊሽካው ክር ጋር ተቋጠረበት። በጥፍሩ ሞከረ። በጥርሱ ሞከረ። ቶቬ ቢላዋን ልታቀብለው አሰበችና ሁኔታው እንዳይከፋ ተወችው። በመጨረሻ ሰውየው ሁለቱንም ባንድ ላይ በጭንቅላቱ አሾልኮ፣ ቁልፉን ከነፊሽካው ከድንቹ ልጣጭ አጠገብ አኖረ። ተመልሶ መስኮቱ ሥር ተቀመጠና ያሰመረውን ወረቀት ያየው ጀመር፤ ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት የሚለው ሳጥን ውስጥ ምንም አልጻፈም።

ቦዲል ጣቷን በሽርጧ ጠረገች። ቋጠሮውን አንዴ ሳበችው፤ ተፈታ። ቁልፉን አንገቷ ላይ አጠለቀች። እንግዲህ እዚህ ላይ ዝም ማለት ትችል ነበር። ግን ውለታ ተደርጎላት ሳትመርቅ የምትቀር ሴት አይደለችም።

«አየሽልኝ ትሕትና፣ ቶቬዬ? ፊሽካውን እንኳ ጨምረው... ዕድሜያቸውን እግዜር እንደ ፕሮግራማቸው ያርዝመው። ጉልበታቸውን ያድሰው፣ ዳሌያቸውን ዝገት አያግኘው። ያ ቀን ደግሞ ሩቅ ይሁን... ሩቅ ይሁን። ሲመጣ ግን፣ ቁልፉ እጄ ላይ ከቆየ፣ ለእንዲህ ያለ ሰው እኩሌታ ነውር ነው። ገና ጎህ ሲቀድ ባንዲራቸውን እስከ ጫፍ አወጣላቸዋለሁ። መንደሩም ሁሉ ወጥቶ ይዘምርላቸዋል፤ ማንንም መለመን አያስፈልገኝም። አሜን በይ እንጂ።»