አጭሩን ስትሰሚ እጅሽን አውጪ

እትዬ ጠጅቱ፣ እንደምን አደሩ? ጉልበትዎ ተሻለዎ? እሰይ! የዛሬዋ የሰበታ ፀሐይ መቼም ልዩ ናት። እኔም ልብስ ላሰጣ ነው የወጣሁት… ከአጥሩ ወዲያም ሰው የሚያሰጣ ይመስለኛል። ይሰማናል ነው የሚሉኝ? ይስማ! የማወራው ምስጋና አይደል?

ስለ አንዲት እናት ላጫውትዎ። ስሟ ምን ያደርግልዎታል… ትሑት ሰው ስሙ ሲነሳ ያፍራል። ጃንሆይ ተማሩ ካሉ ወዲህ እንደሷ የገባው አለ? እኛ ልጆቻችንን የኔታ ዘንድ ሰደን እንቀመጣለን። እሷ ግን የስድስት ዓመት ልጇን እቤቷ ይዛ፣ ፊደል ከማስቆጠሯ በፊት ጆሮዋን ታስተምራለች! አፏን በነጠላዋ ትሸፍንና «ቀን… ቅን… ቃል… ቅል…» ትላታለች። «አጭሩን ስትሰሚ እጅሽን አውጪ!» ቅን፣ ቅል ሲባል ማለቷ ነው። ልጅቷ አንድም ቀን ስታ አታውቅም። እኔ ራሴ በአጥሩ እየሰማሁ ስንቴ እጄን አውጥቻለሁ!

ታዲያ ባለፈው እሑድ የዕድሩ ሰዎች ዳኛ ሊመርጡ እሷ ቤት ተሰበሰቡ። የኔው ባል አቶ ገብረየስም ታጭተዋል። እኔም ጠላ ልቀዳ ገብቻለሁ። እሷ ሆዬ መሐል ቆማ፣ «አቶ ገብረየስ እኮ ቃል ናቸው! ቃል!» አለች፤ ቃላቸው አይታጠፍም ማለቷ ነው። ደግነቷን አዩልኝ?

ይኼኔ አንዲት ትንሽ እጅ ብድግ አለች።

«እማዬ ተሳሳትሽ! ትናንት ለአባዬ ‹ቅል ናቸው› ነው ያልሽው። አጭሩን!»

ኦቦ ጃራ ጆሯቸው እንደከበደ ያውቁ የለ? «ማል ጄቴ? ምን አለች?» አሉ። ልጅቷ ጨዋ ናት፤ ሽማግሌ ታከብራለች። ጠጋ አለችና በኦሮምኛ «ቡቄ!» ብላ ጮኸችላቸው። ቅል ማለቷ ነው እኮ! ኦቦ ጃራ ቀና ብለው የአቶ ገብረየስን መላጣ ቢያዩ… ጠላው በአፍንጫቸው ወጣ! ውይ ሆዴን! እኔም ማንቆርቆሪያውን ይዤ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ።

አቶ ገብረየስም መላጣቸውን እየዳበሱ አብረው ሳቁ። ተመረጡም። ቤት ስንገባ ግን ወደ መሶቡ አልቀረቡም። «አሥር ዓመት ጎረቤት…» አሉና ጋቢያቸውን ተከናነቡ።

ከሰኞ ወዲህ ትምህርቱ ቀረ። «ልጄን ጆሮዋን አሟታል» አለች አሉ። ያችን የመሰለች ጆሮ! የታመመውስ ጆሮ ነው ወይስ… ተው አፌ።

ቂም? እኔ? ምን በወጣኝ! እንዲያውም ልመርቃት፣ እትዬ። እግዜር ልጇን ያሳድግላት። ለወግ ለማዕረግ ያብቃላት። ስታረጅም ጧሪ ቀባሪ ትሁናት፤ እናቷ እኛን በምትወድበት በዚያው ልብ ትውደዳት! አሜን አይሉም?