ባትሪው አልሞተም ነበር

ጓድ ሥራ አስኪያጅ፣ የሠራተኛ ማኅበራችን ተጠሪዎች፣ ክቡራትና ክቡራን፣ አብራችሁኝ በዘይትና በግራሶ የኖራችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፤

ከእረፍት ሰዓታችሁ ላይ ቆርሳችሁ፣ ይኸን ጋቢ አልብሳችሁ ስለሸኛችሁኝ አላህ ያክብርልኝ። አንዱን በግ በእስላም፣ አንዱን በክርስቲያን አርዳችሁ ሳይ ጊዜ፣ ለአንድ ሽማግሌ ጡረታ ሁለት በግ በወሎ ካልሆነ የት ይገኛል ብያለሁ።

አያ ዘይኑ ከምትሉኝ ይልቅ «አያ ውሃ» ስትሉኝ የኖራችሁ ይበዛል። የሰማሁ አይመስላችሁም። የባትሪ ውሃ ሳታዩ ከግቢ አትውጡ እያልኩ ስለምጨቀጭቃችሁ ነው። አንዱ ሾፌር እንዲያውም «ጀነት በር ላይም መላኩን ውሃ አይተሃል ወይ ሳይሉት አይቀሩም» ብሎኛል።

ሳቁ፣ ግዴለም። ከዚህ በኋላ የምናገረው አያስቅም።

ቅድም የመድረኩ መሪ «በሠላሳ አንድ ዓመት ያላስነሳው መኪና የለም» ሲል አጨበጨባችሁ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ለትሕትና መሰላችሁ? አይደለም። የሞላ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው።

አዲሶቹ አታውቁትም። ሞላ የጥገና ላንድሮቨራችን ሾፌር ነበር። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ እንኳ ድምፁ የማይሰማ ሰው። ከዚህ ግቢ የወጣው አጥፍቶ ነው ሲባል ሰምታችኋል። አላጠፋም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ሚያዝያ ሰባ ሰባት ላይ፣ የእርዳታ እህል የጫነ መኪናችን ባሌስትራው ተሰብሮ ቢስቲማ ቆመና እኔና ሞላ በላንድሮቨሯ ሄድን። ያን ዕለት ጠዋት ኮምቦልቻ ላይ የባትሪዋን ውሃ ያየሁት እኔው ራሴ ነኝ። ሙሉ ነበር።

የጭነት መኪናውን በክሪክ አንስተን፣ ባሌስትራውን አውርደን ሳለ፣ ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው መጡ። ኡሙሰልማ የምትባል ወላድ ናት። ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ። ባሏ ሰይድ እግሬ ላይ ሊወድቅ ሲል ያዝኩት።

«በአላህ ይሁንባችሁ፣ ደሴ ሐኪም ቤት አድርሱልኝ!» አለ።

ሞላ ካፖርቱን አውልቆ ከኋላ አነጠፈላት። አስተኟት። ገብቶ ቁልፉን አዞረ። ቀጭ! ሞተር የሚያስነሳው ሞተሪኖ አልዞረም። መብራቱም ድርግም አለ። እንደገና ሞከረ። ቀጭ!

«ባትሪው ሞቷል» አልኩ።

«አያ ዘይኑ፣ ጠዋት በግማሽ ዙር የተነሳ ባትሪ እንዴት ብሎ ይሞታል?»

«የኔን ሥራ ለኔ ተውልኝ!» አልኩት። ሰው ሁሉ ከቦ እያየን ነው፤ በሰው ፊት መጠየቄን አልወደድኩም።

ገፍተን እንዳናስነሳት ከፊቷ ዳገት፣ ከኋላዋ ገደል። የጭነት መኪናው ሃያ አራት ቮልት ነው፤ ላንድሮቨሯ አሥራ ሁለት። ስለዚህ ከሁለቱ ባትሪዎቹ አንዱን ፈትቼ፣ ተሸክመን አመጣነውና በገመድ አያያዝኳቸው። ፖዘቲቭ ለፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ለኔጋቲቭ። ቀጭ! ይኸም ደካማ ነው ብዬ ሁለተኛውን አስመጣሁ። ቀጭ! የባትሪውን ጫፎች በቢላ ፋቅኩ። ሞተሪኖው ነክሶ ይሆናል ብዬ በመዶሻ ቀጠቀጥኩት። በየመሐሉ ሰይድ ይመጣል።

«አያ፣ ይነሳል?»

«አብሽር፣ አሁን ይነሳል።»

ይኸን ስንት ጊዜ አልኩት? አላውቅም። ኋላ ኋላ መጠየቁንም ተወ። ከውስጥ ሲሰማ የነበረው ማቃሰትም እየቀነሰ ሄደ።

ለእናንተ ሁልጊዜ የማስተምረው ምን ነበር? የመጨረሻውን ገመድ ከሞተሩ ብረት አስነክሱ፣ ባትሪው ላይ አታስነክሱ ነው። እኔን ያስተማረኝ መምህሬ ወልደ ሚካኤል፣ ነፍሱን ይማረው፣ ይኸን የሳተ እጅ በመፍቻ ቁልፍ ይመታ ነበር። እኔ ግን ያን ቀን ቸኮልኩና ቅርብ ያገኘሁት ላይ፣ ባትሪው ላይ አስነከስኩ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ገመዱ ከእጄ አመለጠና የሞተሩን ብረት ነካ። ብልጭ አለ። ያኔ ገባኝ። እዚያው ብረቱ ላይ አስነከስኩትና «አዙር!» አልኩ። በአንድ ዙር ተነሳች።

ጎንበስ ብዬ ከሥር አየሁ። ማሳ የምንለው፣ ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ ሻንሲው የሚሄደው ገመድ፣ ብሎኑ በመንገዱ ንቅናቄ ላልቶ ተንጠልጥሏል። መሥመሩ እዚያ ላይ ተቋርጦ ሳለ የዓለምን ባትሪ ሁሉ ብደረድር ምን ይፈይዳል? ባትሪው አልሞተም ነበር። አንድ ብሎን ነው። አጠበቅኩት፤ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

ሐይቅ ሳንደርስ ኡሙሰልማ አረፈች። ልጁም በሆዷ። ሰይድ ፊቷን ሸፈነና «የአላህ ውሳኔ ነው። እናንተስ ለፍታችሁልኛል፣ ጀዛችሁን ይክፈላችሁ» አለን። ቢሰድበኝ ምን ነበረበት? ሞላ ወደኔ ዞሮ አየኝ። ብሎኑን ሳጠብቅ አይቶኛል። ግን በሰውዬው ፊት አላጋለጠኝም።

ወሬው ደሴ ደረሰና አጣሪ ኮሚቴ መጣ። ያኔ እንዴት እንደነበር ታውቃላችሁ፤ መኪና ሲቆም ብልሽት አይባልም፣ አሻጥር ነው የሚባለው። ሞላን ጠየቁት፤ «ባትሪው ደህና ነበር፤ አያ ዘይኑ ያውቃሉ» አላቸው። እኔን ጠሩኝ። ወረቀት ሰጡኝ። «ባትሪው ሞቶ ነበር፤ ሾፌሩ ጠዋት ውሃ አላየም» ብዬ ጻፍኩ። ሸዋረጋ፣ እህቴ፣ አንቺ በታይፕ የመታሽው ወረቀት ያ ነው። ውሸት መሆኑን አታውቂም ነበርና ባንቺ ላይ ምንም የለም።

ሞላን አሥራ አንድ ወር አሰሩት። ሲፈታ መንጃ ፈቃዱን ነጠቁት። ሰኞ ገበያ ጆንያ ሲሸከም ሁለት ጊዜ አየሁት። ሁለቱንም ጊዜ መንገድ ቀየርኩ። ኋላ ደረቱን ታሞ አባቱ አገር ገራዶ ገባ፤ ባለፈው ኅዳር እዚያው አረፈ። ለቀብሩ እንኳ አልሄድኩም። በምን ፊቴ?

ባለፈው ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ገራዶ ሄጄ ለሚስቱ ለፀሐይነሽ ይኸን ሁሉ ነገርኳት። አውፍ፣ ይቅር እንድትለኝ ነበር የጠበቅኩት። ሰምታኝ ስታበቃ እንዲህ አለች፦

«አያ ዘይኑ፣ ለኔማ ምን ይነግሩኛል? እኔ ባሌን አውቀዋለሁ። ስሙን ያጠፉት የሥራ ጓደኞቹ ፊት ነው፤ ሄደው እነሱ ፊት ይናገሩ።»

በሩን አልዘጋችብኝም። ግን ግቡም አላለችኝ።

ይኸው ተናገርኩ። ቀለለህ ወይ ካላችሁኝ፣ ወላሂ አልቀለለኝም። ሰይድን ቢስቲማ ድረስ ሄጄ ፈልጌ አጣሁት፤ ሰፈራ ሄደ ይላሉ። ሞላም አፈር ሆኗል። አውፍ ሊለኝ የሚችል ሰው አልቀረኝም።

ጓድ ሥራ አስኪያጅ፣ የሞላ ፋይል መዝገብ ቤት አለ። ያ ወረቀት ውሸት መሆኑን በእጄ ጽፌ፣ ፈርሜ አምጥቻለሁ፤ ከፋይሉ ይግባልኝ። የሚጠይቀኝ ካለ ቤቴ እዚሁ ኮምቦልቻ ነው፤ አልሸሽም።

እናንተን እንግዲህ ጀሊሉ ይጠብቃችሁ። የወጣችሁበትን መንገድ ደርሳችሁ የምትመለሱበት ያድርገው። ከምጥ አልጋ ሁለት ነፍስ በደህና ያስነሳላችሁ። ልጆቻችሁ ስማችሁን ሳያፍሩ የሚጠሩት ይሁን። በሰው ፊት «አላወቅኩም፣ ተሳስቻለሁ» የምትሉበትን ወኔ ይስጣችሁ። እውነት ለመናገር ጡረታውን የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ከመካከላችሁ አያውጣ።

እስላሙም ክርስቲያኑም፣ አሚን በሉልኝ።