ፀሐይ ሳይቀምስ የተሰቀለ ሰዓት

— ሄሎ … አዎ፣ እኔ ነኝ። ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን … ቆይ፣ ቆይ፣ አትቸኩል። ከጠዋት ጀምሮ ስደውልልህ የት ገብተህ ነው? … ምን? ባትሪው ድሮ ከሚቆየው እጥፍ ይቆያል? … የደወልክልኝ ይህን ልታበስረኝ ነው?

— ወንድሜ፣ ደስታህን ለጊዜው አስቀምጠው። ያለሁት እህታችን እታለም ችግኝ ጣቢያ፣ የዘበኛው ክፍል በር ላይ ነው። ውሃውን የሚከፍተውን ሰዓትህን ፈትቼ በእጄ ይዤዋለሁ። ከሰርኪዩቱ ላይ የአንዱ ዕቃ ቦታ ባዶ ነው … አዎ፣ ባዶ! ማን ነቀለው?

— ‹አያስፈልግም› ማለት ምን ማለት ነው? … ባትሪ ይበላል? መብላቱንማ ይበላል! የሚሠራ ነገር ሁሉ አይበላም? ሁለቱን ዕቃዎች ያጣመርናቸው እኮ ለጌጥ አይደለም። አንደኛው ሲሞቀው ሰዓቱን ወደ ኋላ ይጎትታል፣ ሁለተኛው ሲሞቀው ወደ ፊት ይገፋል፤ በመሀል ሰዓቱ ልክ ላይ ይቆማል። አንተ ገፊውን ነቅለህ ጎታቹን ለብቻው ተውከው።

— ልክ የሆነልህ በጥላ ነዋ! ክፍልህ ውስጥ፣ ቬንትሌተር ሥር ቁጭ አድርገህ ከሬዲዮ ሰዓት ጋር ብታስተያየው ልክ ቢሆን ምን ይገርማል? እዚህ ፕላስቲክ ቤት ውስጥ እኮ ቀትር ላይ ሰው ገብቶ መተንፈስ ያቅተዋል።

— ለመሆኑ ቆርቆሮ ጣሪያው ላይ አውለኸዋል? … እሺ፣ ፍሪጅ ውስጥስ አሳድረኸዋል? … አላሳደርከውማ! ጣሪያና ፍሪጅ ያልቀመሰ ሰዓት ከእጃችን አይወጣም ብለን አልነበር? … ባለቤትህ? ከቲማቲም መሀል ሰዓት መልቀም ሰለቸኝ አለች? እውነቷን ነው! ታዲያ እኔ ቤት ይዘኸው ብትመጣ ምን ነበረበት? የኔ ፍሪጅ እንደሆነ ከውሃ በቀር ምንም የለበት።

— አባባ፣ እባክዎ ያንን ገመድ ለጊዜው ይተዉት … አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ትንሽ አረፍ ይበሉ እስኪ … አይ፣ አንተን አይደለም። ዘበኛውን ነው።

— ምን ያደርጋሉ፣ ፍራሻቸውን እየጠቀለሉ ነዋ! ተባረሩ እኮ … እታለም ናታ፣ ሌላ ማን ያባርራቸዋል? ስማኝ፣ ከሥሩ ልንገርህ። ሰዓትህ ሙቀት በነካው ቁጥር እየዘገየ፣ እየዘገየ፣ የንጋቱ ውሃ ቀትር ላይ ደረሰ። ጥቁሩ ቧንቧ ውስጥ ሲፈላ ያረፈደ ውሃ ለጋ ችግኝ ላይ ተለቀቀ። አንዱ መደብ እንዳለ … ተቀቀለ ብልህ ይቀለኛል። ሰዓቱ ደግሞ ቁጥር የሚያሳይ ፊት የለው፣ መዘግየቱን ማን ያየዋል? የሰዓቱ ሳጥን ቁልፍ ያለው እሳቸው ጋ ነው። ‹ተኝተህ አረፈድክና እንዳይታወቅብህ በእጅህ ከፈትከው› አለቻቸው። በሠራተኛው ሁሉ ፊት፣ ‹አንተ› ብላ! ሽበታቸውን እንኳ ሳታይ።

— ነገርኳት እንጂ! ሰርኪዩቱን ዘርግቼ አሳየኋት። ምን አለችኝ መሰለህ? ‹አንተ ለሁሉም ታዝናለህ፤ ሰው ከቅጣት ለማዳን ብለህ ሰዓት ላይ ታላክካለህ።› የቤተ ክርስቲያን ደጅ ስትሳለም ልብህ ሳሳ ብላ አላገጠችብኝ። ‹ደግሞም ታናሻችንን ጠይቄው ሰዓቱ ልክ ነው ብሎኛል› አለች። ብለሃታል? … ጠይቃህ ነበር? … ምን ብለህ መለስክላት? … ‹የኔ ሰዓት አይሳሳትም፣ የሚሳሳት ሰው ነው›?

— አምላኬ ሆይ፣ አንደበቴን ጠብቅልኝ … አይ፣ አልሰደብኩህም። አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ ዋጥኩት።

— ነገ እነግራታለሁ? ነገ ምን ይሠራልናል? ሰውየው ፍራሻቸውን ጠቅልለዋል እያልኩህ! … ይከብደኛል? ለእሳቸውስ ቀሏቸው ነው? እፍረት ሰው አይገድልም፤ አንተ ግን የሰው ጉሮሮ ዘግተህ ነው ባትሪ ቆየልኝ የምትለኝ።

— ሄሎ? … ሄሎ፣ ትሰማኛለህ? … ‹ይቆራረጣል› አትበለኝ! ከጀርባህ ልጅህ ስትስቅ ሳይቀር ይሰማኛል።

— መጣች። እታለም፣ ነይ እስኪ ወዲህ … ልማልድ አይደለም፣ ማርያምን! ታናሽሽ ነው፣ የሚነግርሽ ነገር አለው … በል፣ ድምፁን ለቅቄዋለሁ። እሷም አባባም ይሰሙሃል … አይሆንም፣ እኔ አልናገርልህም። ጉሮሮህን ጥረግና ተናገር።

— ጮክ በል … ‹አንዱን ዕቃ ነቅያለሁ›፤ እሺ … ‹ሙቀት ላይ አልፈተንኩትም›፤ ቀጥል … ቀጥል እንጂ፣ ዋናው ቀረ እኮ! … ‹ዘበኛው ምንም አላጠፉም።› ይኸው! ተመስገን።

— እታለም? የደረቀ ችግኝ በእጇ እንደያዘች ቆማለች … ቆይ። ጣለችው … ፍራሹን ልትቀበላቸው ነው። አባባ አልሰጥም ብለዋል … ይስጧት አባባ፣ ግድ የለም፣ ይስጧት … ሰጧት። ተሸክማ ገባች። አልጋው ላይ ራሷ እየዘረጋችው ነው።

— አባባ? አባባማ ‹ልጁ እስኪያበጀው ድረስ ጎህ ሲቀድ እኔ በእጄ እከፍታለሁ› ይላሉ። ሰማህ? እንዲህ ያለ ሰው ነው ልናስባርር የነበረው … አዎ፣ ልናስባርር። ሰዓቱ የሁለታችንም ነው፤ እኔም ሳላየው አሳልፌዋለሁ።

— እየመጣች ነው። እጇን ዘርግታለች፣ ስልኩን አምጣ እያለች … አይ ወንድሜ፣ አሁንስ አልማልድህም። ፊቷን ብታየው አንተም አትለምነኝም ነበር … አትዝጋ! ከእህትህ ወዴት ትሸሻለህ? … ሄሎ? አለህ? … ጎሽ፣ እንደሱ ነው።

— እንኪ እታለም። አልዘጋም፣ እየጠበቀሽ ነው።