ቀዳዳ መዳብ

ጃፓን፣ ከአሥራ ሦስት መቶ ዓመት በፊት፤ የንግሥቲቱን አዲስ ቤተ መንግሥት ሲሠራ ከርሞ ወደ አገሩ የሚመለሰው ኡሺማሮ፣ በደመወዝ የተከፈለውን፣ አዲስ የወጣ የመዳብ ሳንቲም ይዞ መንገድ ዳር በምትኖረው ባልቴት በቶጂሜ በር ቆሟል።

ቶጂሜ፦ አልሸጥም አልኩህ እኮ! ሩዜን ሰጥቼ ቀዳዳ መዳብ ልሰብስብ?

ኡሺማሮ፦ ቀዳዳው ሆን ተብሎ ነው፣ እናቴ። ገመድ እንዲገባበት።

ቶጂሜ፦ አይ የኔ ልጅ፣ አታለውሃል። መሃሉን ለራሳቸው አስቀርተው ዳር ዳሩን ሰጡህ።

ኡሺማሮ፦ ኧረ አያስቁኝ። መሳቅም አቅም ይጠይቃል።

ቶጂሜ፦ ጨርቅ የለህም? ጨውስ?

ኡሺማሮ፦ ዓመት ሙሉ አፈር ስደለድል ከርሜ የሰጡኝ ይኼንኑ ነው። ንግሥቲቱ በዚህ ሩዝ ይገዛ ብለዋል።

ቶጂሜ፦ እሳቸው ቀቅለው ይብሉት!

ኡሺማሮ፦ ቀስ ይበሉ እንጂ፣ ሰው ይሰማል።

ቶጂሜ፦ ይስማ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ፤ እሱን አውቃለሁ። መዳብ ግን አይበስልልኝም። ከወንዙ ማዶ ያሉትን ለምን አልጠየቅህም?

ኡሺማሮ፦ ጠየቅን። አንዱ በሩን ዘጋብን። አንዷ ውሻ ለቀቀችብን። ባልንጀራዬ እዚያው ወንዙ ዳር ቀረ።

ቶጂሜ፦ ደክሞት?

ኡሺማሮ፦ ርቦት። መዳቡን ወገቡ ላይ እንደታጠቀ ቀበርኩት።

ቶጂሜ፦ እኔን አፈር ይብላኝ! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ ነው።

ኡሺማሮ፦ እኔም ደከመኝ፣ እናቴ። እምቢ ካሉም እዚህ ደጃፍዎ ልተኛ። ሌላ በር ማንኳኳት አልችልም።

ቶጂሜ፦ ቆይ እስቲ። ለሁላችሁም የሚከፍሏችሁ ይኼንኑ ነው?

ኡሺማሮ፦ ለሁላችንም። ለአፈር ተሸካሚው፣ ለእንጨት ጠራቢው...

ቶጂሜ፦ ለጠራቢውም?

ኡሺማሮ፦ አዎ፣ ምነው?

ቶጂሜ፦ ልጄ ኮማሮ ጠራቢ ነው። በዚህ ወር ይለቁታል ብለውኛል።

ኡሺማሮ፦ እንግዲያው እሱም ይኼንኑ ይዞ ነው የሚመጣው።

ቶጂሜ፦ በየት በኩል?

ኡሺማሮ፦ ሌላ መንገድ መቼ አለና? በመጣሁበት ነው።

ቶጂሜ፦ ወንዙን ተሻግሮ?

ኡሺማሮ፦ ወንዙን ተሻግሮ።

ቶጂሜ፦ ግባ። ሩዙ ምድጃው አጠገብ ነው፣ እስክትጠግብ ብላ። መዳብህን ግን እዚህ አምጣው።

ኡሺማሮ፦ ሁሉንም? ምን ያደርግልዎታል?

ቶጂሜ፦ ቀዳዳው ለገመድ ነው አላልከኝም? በል አንገቴ ላይ እሰርልኝ። ነገ ወንዙን እሻገርና ውሻ የለቀቀችባችሁ ሴት በር ላይ ተቀምጬ ሩዝ ሽጪልኝ እላታለሁ፤ ልጄ ሳይደርስ መዳብ መቀበል ትልመድ።