በእርሳስ የተሰመረበት

ከመካኒሳ አቦ በተሳፈርኩበት ታክሲ፣ ከፊቴ የተቀመጡ እናት በጣታቸው እየተከተሉ መጽሐፍ ያነባሉ። አጠገባቸው ያለችው ወጣት ጠየቀቻቸው።

«እማማ፣ ላንብብልዎት?»

«ተይ ልጄ፣ ራሴ ነኝ የማነበው።»

«ስለ ምንድነው?»

«ለመማር አይመሽም ይላል። የልጄ ነው። ደስ ያለው ቦታ ላይ በእርሳስ ያሰምርና ‹እማዬ፣ ቁጭ በይ ላንብብልሽ› ይለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ‹ሥራ አለብኝ፣ ነገ› እለው ነበር።»

«አሁን የት ነው?»

«ካረፈ ዓመት ሆነው። ከአርባው ማግስት ፊደል ልቆጥር ገባሁ።»

«ነፍስ ይማር። ያሰመረበትን ጨረሱት?»

«አራት መስመር ቀርቶኛል። ካለቀ ሌላ የሚነግረኝ የለም ብዬ ቀስ እላለሁ።»

መውረጃዬ ብስራተ ገብርኤል ስንደርስ፣ ጣታቸው መስመሩ መሃል ላይ ስለነበር «ወራጅ» ማለት አቃተኝ።