ስም ሳይጠራ

«ይሄ ዝናብ ግን ምን በድለነው ይሆን?» አለች ፀጉር ሠሪዋ፣ የአስተማሪዋን ፀጉር በማበጠሪያው ጭራ ለሁለት እየከፈለች። «ቀኑን ሙሉ ጭጭ ብሎ ይውልና፣ አንዷን አሳምሬ ደጅ ስሸኛት ጠብቆ… ዷ! አንዳንዴማ ወዲያ ማዶ ያለችው ፀጉር ሠሪ ትከፍለው ይሆን እላለሁ።»

አስተማሪዋ በመስታወቱ ውስጥ ፈገግ አለች። ከኋላ ሆና ፈገግታዋን ያየችው መካሪዋ ደስ አላት። ልጅቷ ፈገግ ካለች ሰነባብታለች።

መካሪዋ የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ነበረች። ፀጉሯ በቢጉዲ ተጠቅልሎ፣ መረብ ተደርጎበት፣ ሙቀቱ እንዳይለበልባትም ሁለቱም ጆሮዎቿ በጥጥ ተሸፍነው፣ እንደ ንግሥት ተቀምጣለች። ሥራዋ መድኃኒት ቤት ነው። «መካሪዋ» የሚለውን ስም ያወጡላት ደንበኞቿ ናቸው፤ ለራስ ምታት ክኒን ሊገዛ የገባ ሰው ክኒኑን ይዞ፣ ራሱን ያዞረውን ነገር ደግሞ ለእሷ አራግፎ ይወጣል። ሰባኪ አይደለችም፤ መድረክ ላይ ወጥታም አታውቅም። ግን ረቡዕ ረቡዕ ሳሎኗ ውስጥ ሴቶች ተሰብስበው ይጸልያሉ፣ የምትመራቸውም እሷ ናት። ስንቱን ባልና ሚስት አስታርቃለች። ስንት የታመመ ሰው አልጋ አጠገብ ተቀምጣ ውላለች። ይህችን ፀጉር ሠሪ ራሷን መጽሐፍ ቅዱስ ገልጣ እንድታነብ፣ ድምፅዋን አውጥታ እንድትጸልይ ያስተማረቻት እሷ ናት።

ዛሬ ደግሞ ትልቅ ቀኗ ነው። አስተማሪዋ ለወራት፣ ውስጧን የሚበላት ነገር እንዳለ ፊቷ እየመሰከረባት፣ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ስትል ከርማለች። ዛሬ ግን ከዚህ ወጥተው ሻይ ሲጠጡ ሁሉን ልትነግራት ቃል ገብታለች። የከፋት ሴት ሆዷን ከመክፈቷ በፊት መስታወት ፊት መቀመጥ አለባት የሚለው የመካሪዋ ፈሊጥ ነው፤ አስቀድማ እዚህ ያመጣቻትም ለዚሁ ነው። የልጅቷን ቦርሳ ጭኗ ላይ አድርጋ ይዛላታለች። «እባክሽ ያዢልኝ» ብላ የሰጠቻት ራሷ አስተማሪዋ ስለሆነች፣ መካሪዋ ይህን እንደ ጥሩ ምልክት ቆጥራዋለች።

ፀጉር ሠሪዋ ከዝናቡ ወደ ሻምፖ፣ ከሻምፖው ወደ ተማሪዎቹ ተሻገረች። ልጆቹ ያስቸግሯት እንደሆነ አስተማሪዋን ጠየቀቻት፤ መልስ ሳትጠብቅም ከልጅ ይልቅ ትልቅ ሰው እንደሚያስቸግር ነገረቻት። ከዚያ ወደ ጸሎት በየት በኩል እንደዞረች መካሪዋ አላስተዋለችም። ካስኩ ይጮሃል።

«ጸሎትን ካነሳሽ አይቀር…» አለች ፀጉር ሠሪዋ፣ አስተማሪዋ ምንም ሳታነሳ። «አንዲት ሴት አውቃለሁ። የጸሎት ሰው ብትይ የጸሎት ሰው! እሷን ካወቅሁ ወዲህ እኮ ሬዲዮ ከፍቼ አላውቅም። ለምን ብዬ? ማን ታመመ፣ ማን ከማን ተኳረፈ፣ የማን ልጅ ከትምህርት ቤት ተባረረ… ዓይንሽን ጨፍነሽ ታዳምጫለሽ። ሲያልቅ አሜን ነው።»

መካሪዋ ከካስኩ ሥር ሳቋን ዋጠች። ስለ ማን እንደሚወራ ገብቷታል። የሐሙሱን ቡድን የምትመራው ዘማሪት ናት፤ የዚያች ሴት አፍ ትንሽ ሰፋ እንደሚል የማያውቅ ማን አለ? ሐሜት መስማት እንደማይገባት አሰበች፤ ግን ካስክ ውስጥ ያለ ሰው ወዴት ይሸሻል? ለዘማሪቷ በልቧ ልትጸልይላት ወሰነች። በአንድ ጣቷም ጆሮዋ ላይ ያለውን ጥጥ ገለጥ አደረገችው።

«ጥንቃቄዋን ብታዪ ደግሞ! ብትሞት ስም አትጠራም። ‹ጌታ ሆይ፣ ስሟን አንተ ታውቃለህ› ነው የምትለው። ከዚያ ምን ትላለች መሰለሽ? ‹ያቺን ከዳቦ ቤቱ በላይ፣ አረንጓዴ በር ያለው ቤት የምትኖረውን፣ ልጇ የተባረረባትን እህታችንን…› እኔ ዓይኔን እንደጨፈንኩ ገረመኝ። ጌታ አድራሻ ይጠፋበታል እንዴ? ወይስ ሰማይ ቤትም ሰው የሚፈለገው እንደኛ ሰፈር በበር ቀለም ነው?»

አስተማሪዋ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

«ሴትየዋ ምን አደረገች? በሩን ቡናማ አስቀባችዋ!»

መካሪዋም ልትስቅ አፏን ከፍታ ነበር፤ መልሳ ገጠመችው። ባለ አረንጓዴ በሯ ሴት የሐሙስ አይደለችም። የረቡዕ ናት። በሩ ቡናማ የሆነ ጊዜም መካሪዋ በዚያ ስታልፍ አይታ፣ «እንዴት ያለ ደስ የሚል ቀለም ነው» ብላ አድንቃላታለች። ሴትየዋ ያን ቀን ምን እንደመለሰችላት ለማስታወስ ሞከረች። በሩን ዘግታ ነበር የገባችው።

ፀጉር ሠሪዋ ግን ገና መሞቋ ነበር። «‹ዝምታ ወርቅ ነው› ይላል ሰው። እሷ ደግሞ ወርቅ የሚባል ነገር አታደርግም… እንዴት ያለች ትሑት ብትሆን ነው በዪ። ‹ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል› ይባል ነበር ድሮ። አሁን ብቅል ምን ይሠራል? የጸሎት ርዕስ አለ አይደል! ‹ከአፍ የወጣ አፋፍ› ይሉ የለ? የእሷ ከአፋፍም አልፎ ሰማይ ነው የሚገባው። መንገድ ላይ ብቻ በየጎረቤቱ ትንሽ ትንሽ ያርፋል። መቼም ሩቅ አገር ነው… ቢያርፍስ ምን አለበት?»

ይህን ብላ ማበጠሪያዋን አስቀመጠችና ወደ ካስኩ መጣች። ጎንበስ ብላ የመካሪዋን ፊት በርኅራኄ አየችው።

«እትዬ፣ ሞቀዎት መሰለኝ። ፊትዎ ቀላ።»

ካስኩን አጠፋችው። ጥጡም ረጥቧል ብላ ከሁለቱም ጆሮዎቿ ላይ አነሣችላት። ቢጉዲው ትንሽ ይቆይ፣ እንዲህ ሆኖ ይብረድ አለችና ተመለሰች። ክፍሉ ጸጥ ከማለቱ የተነሣ ማበጠሪያው ፀጉር ውስጥ ሲያልፍ ይሰማል።

ከዚያ በኋላ ፀጉር ሠሪዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ዝቅታው ግን ካስክ ሥር ለተቀመጠ ሰው አንዲት ቃል እንዳታመልጠው ተደርጎ የተለካ ነበር። አንዲት ሌላ የምታውቃት ሴት እንዳለች ለአስተማሪዋ ነገረቻት። የዚያች ሴት ባል አኩርፏት ወንድሙ ቤት ሶፋ ላይ ያድር ጀመር። ሴትየዋ ለእናቷ እንኳ አልተነፈሰችም፤ ደንበኞቿ ሲጠይቋት «ለሥራ መስክ ወጥቶ ነው» እያለች ትስቃለች። ለአንድ ሰው ብቻ ነገረች። ያቺ የጸሎት ሰው ሁለት እጆቿን ያዘቻትና፣ «ይህ ነገር በእኔና በአንቺ መካከል ይቀራል፤ በጸሎት እንይዘዋለን» አለቻት።

«ያዘችውም! ቃሏን የምትበላ ሴት እንዳትመስልሽ። በዚያው ሳምንት፣ ሰው ሁሉ እጅ ለእጅ ተያይዞ ክብ ሠርቶ ሳለ፣ ‹ጌታ ሆይ› አለች፣ ‹ሁላችንን የምታሳምረንን፣ በሁለት መስታወቶቿ መካከል ቆማ እንባዋን የምትደብቀውን እህታችንን አስባት፤ ባሏንም ከወንድሙ ሶፋ ላይ አንሣው።› ስም ጠራች? ኧረ በፍጹም! የጠራችው ሶፋውን ብቻ ነው።»

የአስተማሪዋ ዓይን ፊቷ ካለው መስታወት ተነሥቶ ወደ ሁለተኛው ሄደ። ግድግዳው ላይ ያሉት መስታወቶች ሁለት ብቻ ናቸው። ከሁለተኛው መስታወት ውስጥ ደግሞ፣ ራሷ በቢጉዲ ተሞልቶ፣ መካሪዋ ትታያለች። አስተማሪዋ መሳቋን አቆመች።

መካሪዋ ያን ረቡዕ አልረሳችውም። እንዴት ትረሳዋለች? ሴቶቹ ሁሉ አልቅሰዋል፤ ፀጉር ሠሪዋን እየተቀባበሉ አቅፈዋታል። እንደዚያ ምሽት እግዚአብሔር የተጠቀመባት ቀን የለም ብላ ደስ ብሏት ነበር የተኛችው። ከዚያ ወዲህ ፀጉር ሠሪዋ ረቡዕ ብቅ ብላ አታውቅም፤ መካሪዋም ሥራ በዝቶባት ነው ብላለች። አሁን ግን ሌላ ነገር ትዝ አላት። «በሁለት መስታወቶቿ መካከል» የሚለው አባባል የመጣላት ስትጸልይ አልነበረም። ጠዋት፣ መድኃኒት ቤት፣ መደርደሪያ ስትወለውል ነው የመጣላት። ወደደችውና ለማታ አስቀመጠችው።

«ባልየው እኮ ቅዳሜ ሊመለስ ነበር» አለች ፀጉር ሠሪዋ። «ሻንጣውን ዘግቶ። ግን ከዚያ ክብ ውስጥ የአንዷ ባል እሱ መሥሪያ ቤት ሹፌር ነው፤ የሥራ ባልደረቦቹ ፊት ትከሻውን መታ መታ ያደርግና ‹አይዞህ፣ ጸሎት ተይዞልሃል› አይለው መሰለሽ? ሰውየው ምን ያድርግ? ሻንጣውን መልሶ ፈታ። አሁንማ ሶፋው ለምዶታል አሉ… ቅርፁን ይዞለታል።»

ሳቀች። ማበጠሪያው ግን ለአፍታ አየር ላይ ቆሞ ቀረ።

በመካሪዋ ምላስ ላይ አንድ መልስ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ሁልጊዜ ለራሷ የምትሰጠው መልስ፦ ስም አልጠራሁም። ልትተነፍሰው ስትል፣ ፀጉር ሠሪዋም እስካሁን የማንንም ስም እንዳልጠራች ገባት። «እኔን ነው የምትዪው?» ብትላት ስሟን የምትጠራው ራሷ ልትሆን ነው። የሰውን ነገር ሁሉ እያነሡ ስም መተው ደግነት ይመስላት ነበር። ዛሬ ከሥሩ ተቀምጣ ስታየው ግን፣ ስሙ ቢጠራ ይሻል ነበር፤ ቢያንስ «አቤት» ይባላል።

«ተቀይማታለች እንዳትዪኝ ደግሞ» አለች ፀጉር ሠሪዋ፣ የመጨረሻውን ዘለላ በእጅ ማድረቂያው ፎን እያለሰለሰች፣ ከፎኑ ድምፅ በላይ ከፍ ብላ። «ምን ቆርጦኝ? ጌታን ያሳወቀችኝ እኮ እሷ ናት። የማውቀውን ሁሉ ከእሷ ነው የተማርኩት… እንዴት እንደሚጸለይ፣ እንዴት እንደሚመከር፣ ስም ሳይጠራም እንዴት እንደሚነገር። ጥሩ መሪ ማለት ተከታይዋ ቁርጥ እሷን ስትመስል አይደል እንዴ? እስቲ እዪኝ… አልመሰልኳትም?»

ፎኑን አጠፋችና አስተማሪዋ በማጅራቷ በኩል ያለውን ፀጉር እንድታይ ትንሿን መስታወት ከኋላዋ ያዘችላት። አስተማሪዋ በትንሿ መስታወት ውስጥ ያየችው ግን ማጅራቷን አልነበረም። የመካሪዋን ዓይን ነበር። ሁለቱም በአንድነት ዓይናቸውን ሰበሩ።

አስተማሪዋ ተነሥታ መጣች። ጎንበስ ብላ መካሪዋን በአክብሮት ጉንጯን ሳመቻት። ከዚያ፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያነሣ ሰው ቀስ ብላ፣ ቦርሳዋን ከጭኗ ላይ ወሰደች። የሻዩን ቀጠሮ ማንም አላነሣውም። ወደ በሩ ስትሄድ ዚፑ መዘጋቱን በጣቷ ስትዳስስ መካሪዋ አየቻት።

በሩ ሲከፈት ዝናቡ ጠብቆ… ዷ አለ። አስተማሪዋ ደፉ ላይ ቆማ ወደ ሰማይ አየች፤ ወደ ውስጥም አንድ ጊዜ አየች። ቦርሳዋን ራሷ ላይ አድርጋ ገባችበት። ፀጉሯን ገና ከመሠራቷ ዝናብ ውስጥ የምትገባ ሴት መካሪዋ በዕድሜዋ አላየችም።

ፀጉር ሠሪዋ በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችና ወደ ካስኩ መጣች። መረቡን አነሣች። የመጀመሪያውን ቢጉዲ፣ አንድ ፀጉር እንኳ ሳትስብ፣ በቀስታ ፈታችው። ጣቶቿ እናት ልጇን ስታበጥር እንደሚሆኑት ናቸው፤ ድምፅዋ ማር ሆኗል።

«እትዬ፣ እግዚአብሔር ይባርክዎት» አለች። «እርስዎ ለሰው እንደሚጸልዩ፣ ለእርስዎም ልክ እንደዚያው አድርጎ የሚጸልይልዎ ሰው አይጡ።»

መካሪዋ አፏን ልትገታ ፈለገች። አፏ ግን ምርቃት ሲሰማ የሚለውን ስንት ዓመት ሲለማመድ ኖሯል፤ እሷን አልጠበቃትም። በጠራ፣ ሁሉም በሚያውቀው የረቡዕ ድምፅዋ፣ «አሜን» አለች።