ጎጆውን የሚያፈርሰው ወፍ

ስሙኝማ፤ ሰሞኑን የበልጉ ዝናብ ሲያባራ ሐርቡ ወርጄ፣ ሦስት ቀን ሙሉ አንድ የማላውቀው ሰው ግቢ ፊት ለፊት ቆሜ ዋልኩ። ከአጥሩ በላይ ባለው ግራር ላይ ቢጫ ወፎች ጎጆ ይሠራሉ። ወንዱ ጎጆው ላይ ተንጠልጥሎ ክንፉን እያርገበገበ ሴቷን ይጠራል። እሷ ገብታ አይታ ካልወደደችው ትበራለች፤ እሱም ጎጆውን አፍርሶ እንደ አዲስ ይጀምራል። ይኼን ትቼ እንዴት ወደ ደሴ ልመለስ?

በሦስተኛው ቀን የግቢው ባለቤት፣ ጺማቸውን ሂና የተቀቡ አዛውንት፣ ወጡና «አሰላሙ አለይኩም፣ ልጄ። ደጅ መቆሙ ይብቃህ፤ ሽማግሌ ላክ» አሉኝ።

«የምን ሽማግሌ፣ አባባ?»

«የኒካህ ነዋ። ጎረቤቱ ሁሉ አይቶሃል።»

ግራ ገባኝ። «ወላሂ ወፎቹን ነው የማየው» ብዬ የወንዱን ልፋትና የሴቷን እምቢታ አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። ቀና ብለው ግራሩን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«አንተስ ቤት ሠርተሃል?»

«ኧረ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ቤት ተከራይቼ ነው የምኖረው።»

ከአጥሩ ውስጥ የሴት ሳቅ ተሰማ። እዚያ ቤት ሴት ልጅ እንዳለች ያወቅኩት ገና ያን ጊዜ ነው። በእኔ ትሳቅ በወፉ ግን እስካሁን አልለየልኝም።